ስም ሲለወጥ፣ አንቱታ ሲጨመር፦ የሰዎች ታሪክ በኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት እንዴት ይጻፍ?

ከመገናኛ ተነሥቶ በ22 ማዞሪያ በኩል ወደ ኡራኤል የሚወስደው አውራ ጎዳና በአትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ስም ይጠራል። የቦሌና የየካ ነዋሪ ስለ ባለ ስሙ ሲያወራ «ኃይሌ» ይላል እንጂ ሌላ አይልም። የእንግሊዝኛ ጋዜጦች ግን የዚያኑ አትሌት ድል ሲዘግቡ በርዕሳቸው ላይ «ገብረ ሥላሴ አሸነፈ» ብለው ይጽፉ ነበር። የሮጠው ልጁ ሆኖ ሳለ የተጠራው አባቱ ነው። ቀነኒሳም በዚሁ ልማድ «በቀለ» ሆኗል። ጥሩነሽና ገንዘቤ እኅትማማቾች በመሆናቸው ሁለቱም «ዲባባ» ተብለዋል፤ የትኛዋ እንደሮጠች ለመለየት አንባቢው ርቀቱንና ዓመቱን መመልከት ይኖርበታል።

ነገሩ ጥቃቅን የአጻጻፍ ጉዳይ ይመስላል። ሆኖም ውክፔዲያን የመሰሉ የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀቶች ማንኛውም ፈቃደኛ ሰው የሚጽፍባቸውና የሚያርማቸው በመሆናቸው፣ እዚያ የሰፈረ ስም እዚያው አይቀርም። የመፈለጊያ ድረ ገጾች ይወስዱታል፣ የትርጉም መሣሪያዎች ይማሩበታል፣ ጋዜጠኛውም ቸኩሎ ይገለብጠዋል። አንድ ሰው በዕድሜው መካከል ስሙን የለወጠ እንደሆነ ችግሩ ይከብዳል፤ የአንድ ሰው ሥራ በሁለት ስም ተከፍሎ የሁለት ሰዎች ሥራ መስሎ ሊቀር ይችላል። በአማርኛ ደግሞ በዚህ ላይ ሌላ ጥያቄ ይጨመራል። ስለዚያ ሰው ስንጽፍ «ተወለደ» እንበል፣ «ተወለደች» ወይስ «ተወለዱ»?

የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ለአባት ስም ጉዳይ መፍትሔ አበጅቶለታል። በብዙ ኢትዮጵያውያን የሕይወት ታሪክ ገጾች ላይ ሁለተኛው ስም የአባት እንጂ የቤተሰብ መጠሪያ አለመሆኑን፣ ባለ ታሪኩም በራሱ ስም መጠራት እንዳለበት የሚያስረዳ አጭር ማስታወሻ ይሰፍራል። የስም ለውጥ ጉዳይ ግን በአንድ ማስታወሻ የሚያልቅ አይደለም።

ሁለቱ ካሳዎች

ስም መለወጥ ለኢትዮጵያ ታሪክ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡት ቀደም ሲል ካሳ ኃይሉ ነበሩ። በ1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ ዮሐንስ 4ኛ የተባሉትም ቀደም ሲል ካሳ ምርጫ ነበሩ። ስለ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሚያጠና ተማሪ በአንድ የድሮ ደብዳቤ ላይ «ደጃዝማች ካሳ» የሚል ቢያገኝ የቋራውን ይሁን የተምቤኑን የሚያውቀው ከዓመተ ምሕረቱ ነው። ስለዚህ ከስሙ ጎን ዓመቱ ካልተጻፈ ስሙ ብቻውን ብዙ አይናገርም።

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነገር ከዚህም የጠለቀ ነው። በ1884 ዓ.ም. ሐምሌ 16 ቀን ኤጀርሳ ጎሮ የተወለዱት ሕፃን ተፈሪ መኮንን ተባሉ፤ የክርስትና ስማቸው ግን ኃይለ ሥላሴ ነበር። ልጅ ተፈሪ፣ ደጃዝማች ተፈሪ፣ ከዚያም በ1909 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ሆኑ። በ1921 ንጉሥ ተፈሪ ተባሉ፤ በ1923 ዓ.ም. ጥቅምት 23 ቀን ዘውድ ሲጭኑ የክርስትና ስማቸው የዘውድ ስማቸው ሆነ። የፈረስ ስማቸው አባ ጠቅል መሆኑን ስንጨምር፣ አንድ ሰው በስንት ስም እንደተጠራ መቁጠር ራሱ ሥራ ይሆናል። እንግዲህ «አዲሱን ስም ብቻ እንጻፍ፤ የቀድሞው ይሰረዝ» የሚል ሕግ ቢወጣ ምን ይደርስ ነበር? ከጃማይካ ተነሥቶ ሻሸመኔ ድረስ የዘለቀው የራስተፈሪያን እምነት ስሙን ያገኘው ንጉሠ ነገሥቱ ከንግሥ በፊት ከነበራቸው ማዕረግና ስም ነው። የቀድሞው ስም ከገጹ ከጠፋ አንባቢው የእምነቱ ስም ከየት እንደመጣ ሊገባው አይችልም።

ልማዱ የሚከተለው ነው። የገጹ ርዕስ ሰውየው ይበልጥ የታወቀበት ስም ይሆናል፤ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሌሎቹ ስሞች ይዘረዘራሉ፤ በታሪኩ ውስጥ ደግሞ በየዘመኑ የነበረው ስም ከማብራሪያ ጋር ይገባል። «በ1909 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አልጋ ወራሽ ሆኑ» ከማለት «ራስ ተፈሪ (በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ) በ1909 አልጋ ወራሽ ሆኑ» ማለት ይሻላል። ጥቂት ይረዝማል፤ ነገር ግን የዘመኑን ሰነድ የሚያነብ ሰው አይጠፋበትም።

የምንኩስና ስም ሌላ ነገር አለው። የዘውድ ስም በቀድሞው ላይ ይደረባል፤ የምንኩስና ስም ግን የቀድሞውን ትቶ የመሄድ ምልክት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ፋሺስቶች አዲስ አበባ ላይ የረሸኗቸው አቡነ ጴጥሮስ ፍቼ ሲወለዱ ኃይለ ማርያም ይባሉ ነበር። በፒያኖ ድርሰቶቻቸው ዓለም ያወቃቸው እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩም በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲወለዱ የውብዳር ገብሩ ነበሩ፤ በ21 ዓመታቸው መንኩሰው ጽጌ ማርያም ተባሉ፤ በ2015 ዓ.ም. መጋቢት ወር ኢየሩሳሌም ውስጥ በ99 ዓመታቸው ዐረፉ። ዓለማዊውን ስም ትተው የሄዱ እናት በዚያው ስም መጠራታቸው ተገቢ ነው? በእኔ እምነት የገጹ ርዕስም ሆነ የታሪኩ አካሄድ «እማሆይ ጽጌ ማርያም» መሆን አለበት። የውብዳር የሚለው ስም በልጅነታቸው ታሪክ ላይ አንድ ጊዜ ከተነሣ ይበቃል። ሆኖም ጨርሶ ሊቀር አይገባውም፤ በስዊዘርላንድ የተማሩበትን ወይም በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከቤተሰባቸው ጋር ታስረው የተጋዙበትን መዝገብ የሚፈልግ ተመራማሪ ሊያገኛቸው የሚችለው በዚያ ስም ነው።

ሕፃኑ «ተወለዱ» ሲባል

አማርኛ ስለ ሰው ሲናገር ግሱ ላይ ሁለት ነገር ያትማል፤ ወንድ ወይም ሴት መሆኑን፣ ካልሆነም ክብሩን። እንግሊዝኛ በተውላጠ ስም ብቻ የሚገልጸውን እኛ በእያንዳንዱ ግስ እንገልጸዋለን። ስለዚህ አማርኛ ጸሐፊ ጥያቄውን ሸሽቶ ማለፍ አይችልም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ልብ የማይለው አንድ ልማድ አለን። «አፄ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. አንጎለላ ተወለዱ» ብለን እንጽፋለን። በዚያን ዕለት የተወለደው አንድ ቀን ያልሞላው ሕፃን ነው፤ እናቱም «አንተ» እንጂ «አንቱ» ብለው አያባብሉትም። እኛ ግን የኋለኛውን ክብር ወደ ኋላ ወስደን ከመጀመሪያዋ ዕለት ጀምሮ እናለብሰዋለን። ስለ ጳጳሱም፣ ስለ ሊቁም፣ ስለ ሽማግሌውም እንዲሁ እናደርጋለን፤ «በልጅነታቸው ከብት ይጠብቁ ነበር» ስንል የሚቀፈው ሰው የለም። ማለትም ሰው በመጨረሻ የደረሰበትን አጠራር በሕይወቱ ሁሉ ላይ መዘርጋት ለአማርኛ አንባቢ የቆየ ሥርዓት ነው።

ይህን ማወቅ የውጭውን ክርክር ለመረዳት ይጠቅማል። በ1968 ዓ.ም. የሞንትሪያል ኦሊምፒክ የዐሥሩን ስፖርት ውድድር ያሸነፈው አሜሪካዊ ብሩስ ጄነር ይባል ነበር። (ኢትዮጵያ ከብዙ የአፍሪካ ሀገራት ጋር ያን ኦሊምፒክ ስለረገጠች ማርሽ ቀያሪው ምሩፅ ይፍጠር ሳይወዳደር ቀርቷል።) ጄነር እ.ኤ.አ. በ2015 ፆታን መለወጥን በአደባባይ አስታውቆ ኬትሊን የሚል ስም ያዘ። የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ስለ ጄነር ሲጽፍ ከልደት እስከ ዛሬ ባለው ታሪክ ሁሉ በሴት ተውላጠ ስም ይጠቀማል፤ ብሩስ የሚለውን ስም ግን በመግቢያው ላይ ያስቀምጣል፤ ምክንያቱም ሜዳሊያው የተመዘገበው በዚያ ስም ነው። የቀድሞ ስማቸው ሳይታወቅ ከለውጡ በኋላ ብቻ ዝነኛ ለሆኑ ሰዎች ግን የቀድሞው ስም አይጻፍም። በዚህ ዓይነቱ የሕይወት ውሳኔ ላይ አንባቢ የተለያየ አቋም ሊኖረው ይችላል። የአጻጻፍ ሥርዓቱ ግን በአጭሩ «ሰውየው የሚጠራበትን ጻፍ፤ ሰነዱ የሚፈልገውን አትሰውር» የሚል ነው።

ወደ ራሳችን ስንመለስ፣ የእኛ ችግር በአብዛኛው የፆታ ሳይሆን የአንቱታ ነው። ጥሩ ምሳሌ ደራርቱ ቱሉ ናት። በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ስታገኝ ሀገር ሁሉ «ደራርቱ አሸነፈች» አለ፤ በሲድኒም እንዲሁ። በ2011 ዓ.ም. ኃይሌ ከለቀቀ በኋላ የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን መሪ ስትሆን ግን የዜናው ቋንቋ ተለወጠ፤ «ኮሎኔል ደራርቱ ቱሉ ገለጹ» ተባለ። ሁለቱን ዜናዎች ይዞ አንድ የሕይወት ታሪክ የሚያዘጋጅ ሰው በአንደኛው አንቀጽ «ሮጠች»፣ በሁለተኛው «ተናገሩ» ብሎ ይጽፋል፤ አንባቢውም ሁለት ሴቶች ያሉ ይመስለዋል። «ሮጠች» ንቀት አይደለም፤ ሕዝብ ልጁን የሚጠራበት የፍቅር አጠራር ነው። «ሮጡ» ማለትም ስሕተት አይደለም። ስሕተቱ ሁለቱን በአንድ ገጽ መቀላቀል ነው። እኔ ለአትሌትና ለድምፃዊ የፍቅሩን አጠራር እመርጣለሁ፤ ሌላው አንቱታን ቢመርጥ ገጹን ከላይ እስከ ታች ያስተካክለው።

አንቱታን መንፈግ ቅጣት የሚሆንበት ጊዜም አለ። ስለ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አንዱ «በግንቦት 1983 ሸሸ» ሲል ሌላው «ሸሹ» ይላል፤ በአንዲት ፊደል ልዩነት ጸሐፊው ከየትኛው ወገን እንደሆነ ይታወቃል። ለጋዜጣ አስተያየት ይህ ሊፈቀድ ይችላል። መዝገበ ዕውቀት ግን ለሁሉም የሀገር መሪ አንድ ዓይነት ግስ መጠቀም አለበት፤ ፍርዱን አንባቢው ከተጻፈው ተግባር ይውሰድ።

አንቱታ የሚሸሽገው ነገርም አለ። «እርሳቸው» ወንድና ሴት አይለይም። ደስታና ብርሃኔ የሚባሉ ወንዶችም ሴቶችም አሉ። መዝገበ ዕውቀት «አቶ» እና «ወይዘሮ» የሚሉትን በርዕሱ ላይ ስለማያደርግ፣ «ደስታ እገሌ በ1940 ተወለዱ» የሚል ገጽ ፆታውን ሳይናገር ሊያልቅ ይችላል። ከዚያም የትርጉም መሣሪያው ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሰው በግምት ወንድ ያደርገዋል፤ አንዳንዴም «ተወለዱ»ን ብዙ ሰው አድርጎ ይወስደዋል። በተቃራኒው ከእንግሊዝኛ በመሣሪያ የተተረጎመ ጽሑፍ ጳጳሱን «ተወለደ፣ ተማረ፣ ሞተ» ብሎ ያወርዳል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «ኢትዮጵያዊት መምህርትና ደራሲ» ወይም «ኢትዮጵያዊ ሐኪም» ብሎ መክፈት።

ልጁን በሌላ ስም የሚፈልግ አባት

የስም ጉዳይ እጅግ የሚከብደው ከሀገር በወጡት ላይ ነው። በ1999 ዓ.ም. ኦሳካ ላይ፣ በ2001 ደግሞ በርሊን ላይ በ1,500 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው የባሕሬን አትሌት ማርያም ዩሱፍ ጀማል ኢትዮጵያ ውስጥ ስትወለድ ዘነበች ቶላ ትባል ነበር። በ1996 ዓ.ም. በርገን ከተማ ላይ በ5 ሺህ ሜትር በ14 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ከ68 የዓለምን ክብረ ወሰን የሰበረችው የቱርክ አትሌት ኤልቫን አቤይለገሰ አዲስ አበባ ስትወለድ ሔዋን ነበረች። የሁለቱም ቀደምት ውጤቶች በአንድ ስም፣ የኋለኞቹ በሌላ ስም ተመዝግበዋል። ገጹ ሁለቱን ስሞች ካላገናኘ የወጣትነት ሩጫቸው ባለቤት አልባ ሆኖ ይቀራል። ለትውልድ መንደራቸው ሰው ደግሞ የምታሸንፈው የእነርሱ ልጅ መሆኗ አይታወቀውም።

ኒው ዮርክ ውስጥ በምግብ አብሳይነቱ የታወቀው ማርከስ ሳሙኤልሰን በስዊድን ቤተሰብ በጉዲፈቻ ከመወሰዱ በፊት ካሳሁን ጽጌ ነበር። እናቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞተዋል፤ አባቱ በሕይወት መኖራቸውን ያወቀው ግን ካደገ በኋላ ነው። የውጭ ሀገር ጉዲፈቻ በ2010 ዓ.ም. በሕግ እስኪታገድ ድረስ ከሀገር የወጡ ልጆች ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹ አዲስ ስም ይዘዋል። ዝነኛ ለሆኑት የትውልድ ስም በገጹ ላይ መኖሩ ለአንባቢ ማወቂያ፣ ለወላጅ ደግሞ መንገድ ነው። ይሁንና ባለቤቱ ራሱ በአደባባይ ያልተናገረውን የልጅነት ስም ከሰፈር ወሬ ለቅሞ መለጠፍ የተከለከለ ነው፤ በሕይወት ያለ ሰው ገመና በመዝገበ ዕውቀት አይዘረገፍም።

በሕይወት ታሪክ ውስጥ የቦታና የተቋም ስምም ይለወጣል፤ ይህን ምሥራቅ አዲስ አበባ ላይ በየቀኑ እናየዋለን። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በንጉሡ ዘመን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ የተቋቋመ ነው፤ ስለዚህ «በ1950 ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ተወለዱ» ብሎ መጻፍ ያኔ ያልነበረ አስተዳደር ውስጥ ሰውን ማስወለድ ነው። «ዛሬ ለሚ ኩራ በሚባለው አካባቢ» ቢባል ይበቃል። ጤፍ የሚዘራ ገበሬ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። በ1998 ዓ.ም. የተለቀቀው ቁንጮ በምርምር ስሙ ዲዜድ-ሲአር-387 ነው፤ መጀመሪያ ላይ ያሉት ሁለት ፊደላት ደብረ ዘይትን ያመለክታሉ። ከተማው ቢሾፍቱ ቢባልም በምርምር መዝገብ ላይ የዘሩን መለያ ማንም አልሰረዘም፤ ገበያ ላይም ቁንጮ ብሎ ከመጥራት ማንም አልተቆጠበም።

ስሕተት ያየ ሰው ምን ያድርግ?

በውክፔዲያ ገጽ ላይ የስም ወይም የአጠራር ስሕተት ያገኘ አንባቢ ራሱ ሊያርመው ይችላል፤ እያንዳንዱ ለውጥ በገጹ የለውጥ ታሪክ ውስጥ ስለሚቀመጥ የጠፋ ነገር አይኖርም። ክርክር ሊያስነሣ የሚችል ከሆነ በቅድሚያ በገጹ የውይይት ክፍል ላይ ምክንያትን ማስፈር ይገባል። የሚጠየቀው ማስረጃ በመታተም ወይም በመሠራጨት ለሕዝብ የደረሰ ነው፦ ባለቤቱ በሬዲዮ ወይም በጋዜጣ የሰጠው ቃለ መጠይቅ፣ መጽሐፍ፣ የተቋም መግለጫ። የልደት ምስክር ወረቀት፣ የፋይዳ መታወቂያ ወይም የፍርድ ቤት ውሳኔ ቅጂ መለጠፍ አያስፈልግም፤ እንዲያውም አደገኛ ነው። በቀበሌና በፍርድ ቤት ስም ማስለወጥ ራሱን የቻለ የሕግ ጉዳይ ነው፤ የመዝገበ ዕውቀቱ ገጽ ስለተስተካከለ መታወቂያው አይስተካከልም፤ መታወቂያው ስለተለወጠም ገጹ በራሱ አይለወጥም።

የገጹ ርዕስ ወደ አዲሱ ስም ሲዛወር የቀድሞው ስም እንደ መምሪያ ይቀመጣል። «ካሳ ኃይሉ» ብሎ የጻፈ ወደ ቴዎድሮስ፣ «የውብዳር ገብሩ» ብሎ የጻፈ ወደ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገጽ ይደርሳል። በአማርኛ ይህ መምሪያ ለሞክሼ ፊደላትም ያስፈልጋል፤ አንዱ ኃይሌ፣ ሌላው ሀይሌ፣ ሦስተኛው ኀይሌ ብሎ ይጽፋልና። ሥላሴ በንጉሡ ሠ ወይስ በእሳቱ ሰ ይጻፍ የሚለው ሙግት ለሊቃውንቱ ይቆይ፤ በስልኩ ላይ በፈጠነለት ፊደል የሚፈልግ ሰው ግን ወደ ገጹ መድረስ አለበት።